እጄን ኪሴ የከተትኩበት ዓመት

የሌላ ሰው እጅ ቀስ ብሎ ሲሠራ ማየት አልችልም። ድሮም አልችልም ነበር፤ አሁንም ተሻሽያለሁ እንጂ ድኛለሁ አልልም። ሰው ጠርሙስ ሲከፍት ትንሽ ከታገለ «ወዲህ በለው» ብዬ እነጥቀዋለሁ። ባለቤቴ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ እንድቆም አትፈቅድልኝም። ይኼ ጠባይ ለብዙ ዓመት ጥሩ ሐኪም አሰኝቶኛል። ጥሩ ኃላፊ ግን አላደረገኝም። ይህን እንዳውቅ አንዲት ጡረታ የወጡ ሴት ከጎንደር በሚኒባስ እየተመላለሱ አንድ ዓመት ሙሉ ጥያቄ መጠየቅ ነበረባቸው።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፣ ደጋ ላይ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነበርኩ። ቦታው ብርዳም ስለሆነ ነጩን ጋዋን የምንለብሰው ከካፖርት በላይ ነው። ሙያዬ ጤና መኮንን ነው፤ የአገሬው ሰው ግን «ሐኪሙ» ይለኛል። ከእኔ ሌላ ጥቂት ነርሶች፣ አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ አንዲት ጸሐፊ፣ አንድ ሽማግሌ ዘበኛና አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበሩን። አዋላጇን ሁላችንም «ሲስተር» ነበር የምንላት። ሃያ አምስት ዓመት እንኳ የሚሞላት አትመስልም፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሥራዋን አክባሪ ልጅ ነበረች።

ሲስተር በመጣች በሁለተኛ ዓመቷ የዝውውር ማመልከቻ ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ምክንያቱ «የግል ጉዳይ» ይላል። ማመልከቻው በእኔ በኩል ነው ወደ ወረዳ የሚያልፈው። አላሳለፍኩትም። መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። የአካባቢው ሴቶች ቤታቸው መውለድን ትተው ወደ እኛ መምጣት የጀመሩት በቅርቡ ነበር። ሲስተር ከሄደች ሌላ አዋላጅ እስኪመደብ ስንት ወር እንደሚፈጅ አውቃለሁ፤ እስከዚያ የሚያምጡት ሴቶች ሁሉ በእኔ በአንድ ሰው እጅ ሊቀሩ ነው። ስለዚህ ሲስተርን ማስቀረት ነበረብኝ። ለማስቀረት ግን ከመሳቢያው ቁልፍ ሌላ ዘዴ አልነበረኝም።

በዚህ መካከል ከበላይ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች የአመራር ብቃታቸውን የሚያሳድጉበት «ኮቺንግ» ይሰጣቸዋል ይላል። እኛ እስከዚያ የምናውቀው ሥልጠና ነው። ሥልጠና ማለት ጎንደር ወርዶ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ፣ ደብተርና እስክሪብቶ መቀበል፣ አበል መፈረም፣ ከዚያ አራዳ ገበያ ወጥቶ ከጓደኛ ጋር ጥብስ መብላት ነው። ደስ ብሎኝ ልብሴን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ኋላ ስጠይቅ ኮቺንግ የሚባለው አሠልጣኙ ራሱ ሰውየው ዘንድ የሚመጣበት ነው አሉኝ። አበልም የለውም። ቦርሳዬን መልሼ ፈታሁ።

የመጡልኝ ሴትዮ ስድሳን የተሻገሩ ናቸው። ዕድሜያቸውን ነርሶች ሲያስተምሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። አራዳ ውስጥ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው፣ ወፍራም ጃኬት ደርበው፣ አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ቢሮዬ ገቡ። እኔ «እትዬ» አልኳቸው፤ እሳቸው «አንተ» አሉኝ።

«እንግዲህ ይምከሩኝ፣ እትዬ» አልኩ ተመቻችቼ።

«እኔ አልመክርም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ልጠይቅህ» አሉና ዝም አሉ።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ጎንደር ካሉት አድባራት በአንዱ ዜማ ያስተምሩ ነበር። እኔ ባደግሁበት ግቢ መምህር ይናገራል፣ ተማሪ ይቀበላል፤ ከተሳሳተ ይታረማል፣ ደግሞ ከተሳሳተ ይገረፋል። ምን ማድረግ እንዳለብኝ የማይነግረኝ መምህር አይቼ አላውቅም። እኚህ ሴትዮ ጊዜዬን ሊያባክኑ የመጡ መሰለኝ። ለጨዋነት ያህል ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም እንዳሉ ናቸው። ዝምታው ሲረዝምብኝ አላስችል አለኝና ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ውሃው መቋረጥ፣ ስለ ሠራተኛው ስንፍና ማውራት ጀመርኩ። በኋላ ሲያጫውቱኝ ይህን ዝምታ የተማሩት ከአባታቸው ሱቅ እንደሆነ ነገሩኝ። አባታቸው ገዢ ሲገባ ጨርቁን ይዘረጉና ምንም አይሉም። ሰውየው ዳብሶ ዳብሶ የመጣበትን ነገር ራሱ እስኪናገር ይጠብቃሉ። ልጃቸውም ይኸው ከጨርቅ ይልቅ እኔን ዘርግተው ይጠብቁኝ ነበር።

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ በሩ ስንቴ እንደተንኳኳ አላስተዋልኩም። አንዷ ነርስ የመጋዘን ቁልፍ ፈልጋ መጣች። የመድኃኒት ባለሙያው አንድ ካርቶን ጓንት ይውጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጸሐፊዋ ደብዳቤው ላይ ቀኑ ከላይ ይሁን ከታች አለችኝ። ዘበኛው በግ ይዞ የመጣ ታካሚ በጉን የት ይሰር ብለው ጠየቁ። ለሁሉም ቁጭ ብድግ እያልኩ መልስ ሰጠሁ። እትዬ በእያንዳንዱ ጊዜ ደብተራቸው ላይ አንድ ጭረት ያደርጋሉ።

«ስንት ሰው የመጣ ይመስልሃል?» አሉኝ ሊሄዱ ሲሉ።

«ሦስት፣ አራት።»

ደብተሩን አዙረው አሳዩኝ። አሥራ አራት ጭረት ነው።

«አንተ ባትኖር እነዚህ አሥራ አራት ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር?»

«ሥራው ይቆማላ!» አልኩ። እውነቴን ነው የምለው፣ በኩራት ነው ያልኩት። እትዬ መልሴን እንዳለ ጽፈው፣ «በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ» ብለው ሚኒባሳቸውን ለመያዝ ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ያልኩት ነገር ራሴን የቆጠቆጠኝ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ስለ ሲስተር ማመልከቻ ነገርኳቸው።

«ለምን መሄድ ፈለገች?» አሉ።

«የግል ጉዳይ ነው።»

«ጠየቅሃት?»

«ጽፋዋለች እኮ፣ እትዬ።»

ብዙ አልተከራከሩኝም። አብረውህ ከሚሠሩት አራት ሰዎች ምረጥ አሉኝ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርብላቸው፤ «እኔ ከማደርገው ነገር ሥራህን የሚያከብድብህ ምንድን ነው?» በላቸው። የሚሉህን ስማና «አመሰግናለሁ» በል። አታብራራ፣ አትከራከር። ያ ብቻ ነው የቤት ሥራህ አሉኝና ሄዱ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ ስህተቱ ደግሞ በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ የሠራ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ዓይነት ነው። እኛ ስለ አንድ ሰው ጉድለት ለመነጋገር የምናውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ግምገማ ይባላል። ሁሉም አዳራሽ ይሰበሰባል፣ ተገምጋሚው በራሱ ላይ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ የቀረው በየተራ ሂስ ይሰጣል፣ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። እትዬ «ጠይቅ» ሲሉኝ የእኔ ጭንቅላት «ስብሰባ ጥራ» አለ። አራት ሰው ብቻ ለይቼ ብጠይቅ ሌላው ሊያኮርፍ ነው፤ አራት ጊዜ ከመድከም ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ብጨርሰው ይሻላል ብዬ ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሠራተኛውን በሙሉ ካርድ ክፍሉ ፊት ሰበሰብኩ።

ግለ ሂሴን አሳምሬ አቀረብኩ። «ሥራ በማከፋፈል ረገድ ሰፊ ክፍተት አለብኝ፤ ለተቋሙ ዕድገት እንቅፋት እስከመሆን ደርሻለሁ» አልኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ከዚያ በፊት ብዙ ስለሰማሁ እንደ ዜማ ነው የወጣልኝ። ከዚያ መድረኩን ክፍት አደረግሁ።

የመጀመሪያው ነርስ ተነሣ። «በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለሰጠኝ መድረኩን አመሰግናለሁ። ኃላፊያችን ጉድለት አለባቸው። ለራሳቸው ጤና አይጠነቀቁም። ምሳ አይበሉም።» ቀጣይዋ ከሚገባው በላይ ስለሚሠሩ ይታረሙ አለች። የመድኃኒት ባለሙያው «አልፎ አልፎ የመተማመን ክፍተት ይታያል» ብሎ ሲጀምር ዓይን ለዓይን ተጋጨንና «ይህ እንግዲህ የሁላችንም ክፍተት ነው» ብሎ ተቀመጠ። ዘበኛው «እኔ የማውቀው የለም፤ ሸጋ ሰው ነው» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ። ለሁሉም «አመሰግናለሁ» አልኩ። ተራው ሲስተር ጋ ሲደርስ ከኋላ ወንበር፣ እጆቿን በእጅጌዋ እንደከተተች፣ «የተባለውን እጋራለሁ» አለች።

የቤት ሥራዬን ከእትዬ ትእዛዝ አስበልጬ የሠራሁ መስሎኝ ረክቼ ገባሁ። ጸሐፊያችን ደግሞ ጎበዝ ናት። ቃለ ጉባኤውን ሦስት ገጽ አድርጋ ተየበችው፣ አስፈረመችን፣ ከሥሩም ሁልጊዜ እንደምታደርገው «ግልባጭ፦ ለወረዳ» ብላ ጻፈች። ማንንም አልጠየቀችም፤ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ እንደሚኖረው ሁላችንም እናውቃለን። ሰኞ ወደ ወረዳ በሚወርድ ሰው ላከችው።

ረቡዕ ስልክ ተደወለ። የወረዳው ኃላፊ ነው።

«በገዛ ራስህ ላይ ግምገማ አካሄድህ እንዴ?» አለኝ። «ማን ፈቀደልህ? ለዕድገት እንቅፋት ነኝ ብለህ ፈርመሃል እኮ! መልቀቅ ፈልገህ ነው?»

«ኮቺንግ ነው፣ ጌታዬ።»

«ኮቺንግ ምንድን ነው?»

«ጥያቄ ነው።»

«ሁለተኛ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ እንዳትልክልኝ!» ብሎ ዘጋው።

እትዬ በሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ ይህን ሁሉ እየተቆጣሁ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቃለ ጉባኤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። ምሳ አለመብላቴ የተጻፈበት ጋ ሲደርሱ ሳቅ ያዛቸው፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ደግመው ሳቁ። ተናድጄ የነበርኩት ሰውዬ አብሬያቸው መሳቅ ጀመርኩ። ሲበቃቸው ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«ከዚህ ውስጥ የማታውቀውን ነገር የነገረህ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ሊነግርህ ይችል የነበረውስ?»

አሰብኩ። «ሲስተር» አልኩ።

«በል ወረቀት ሳትይዝ ሂድ» አሉኝ።

ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አገኘኋት፤ አልጋውን በበረኪና እየወለወለች ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ጥያቄውን ጠየቅኳት።

«ተናገርኩ እኮ» አለች ቀና ሳትል። «የተባለውን እጋራለሁ አልኩ።»

«አሁን ቃለ ጉባኤ የለም።»

ከኋላዬ ጸሐፊዋ ትኖር እንደሆነ በእውነት አንገቷን አስግጋ አየች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ድንጋይ ከመሸከም ይከብዳል፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሚስማር እየቆጠርኩ ቆየሁ። ሲስተር ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጨመቀች፣ እጇን አደራረቀች፣ ከዚያ መናገር ጀመረች።

«ከጠዋት ጀምሬ ስከታተላት የዋልኩትን ሴት፣ ልጁ ሊወጣ ሲል እርስዎ ጓንት አጥልቀው ይመጡና ወዲህ በይ ይሉኛል። እኔ ከኋላዎ ቆሜ ፎጣ እይዛለሁ። የሚመረቁት እርስዎ ነዎት። ይሁን፣ ስለ ምርቃቱ አይደለም። ግን ሰው ሁሉ ያያል። እርስዎ ጎንደር ለስብሰባ የወረዱ ቀን ቃሬዛ ይዘው ይመጡና በር ላይ ሐኪሙ አለ ወይ ይላሉ። የለም ሲባሉ ቃሬዛውን ያዞሩታል። እኔ ጋዋን ለብሼ በሩ ላይ ቆሜ እያየሁ።»

«ያዞሩታል?» ይህን አላውቅም ነበር።

«ባለፈው ክረምት አንዷን እንደዚሁ መለሷት። ቤቷ ወለደች። ልጁ አልተረፈም።» ጨርቁን መልሳ አነሣች። «እርስዎ ካሉ አያምኑኝም፤ ከሌሉም አያምኑኝም። እዚህ ከቆየሁ የተማርኩት ሁሉ እጄ ላይ ሊሞት ነው።»

ደሜ ፈላ። ስንት እናት እንዳተረፍኩ፣ ስንት ሰንበት ቤቴን ትቼ እንደዋልኩ፣ እሷ ትምህርት ቤት ሳትገባ እኔ ስንት እንዳዋለድኩ፣ አሥር መልስ በአንድ ጊዜ አፌ ላይ መጣ። ጥርሴን ነከስኩ። «አመሰግናለሁ» አልኩና ወጣሁ። ከሕንፃው ጀርባ ባህር ዛፎቹ መሐል ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። መጀመሪያ በእሷ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ቃሬዛውን ባዞሩት ሰዎች። በመጨረሻ የቀረሁት እኔው ነኝ፤ አፈርኩ። ያ ሕፃን የሞተው በእኔ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ በጉብዝናዬ መሆኑ ነው ያቃጠለኝ።

በማግስቱ መሳቢያውን ከፍቼ ማመልከቻዋን ፈረምኩበትና ለራሷ ሰጠኋት። «መሄድ ስትፈልጊ አንቺው ላኪው። ግን ሦስት ወር ስጪኝ» አልኳት።

«በሦስት ወር ምን ሊያደርጉ?»

«እጄን ኪሴ ከትቼ መቆም ልማር።»

ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ ይህን ስነግራቸው አላሞገሱኝም። «እጅህ ሲበላህ ምን ታደርጋለህ?» አሉ። «ማን ለአገሬው ይነግራል? አንተ ብቻ ብታውቀው ቃሬዛው መዞሩን ይተዋል?» ይህኛውን አላሰብኩበትም ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተነጋግረን፣ ማለት እሳቸው ጠይቀው እኔ መልሼ፣ ነገሩን መልክ አስያዝነው። ሲስተር ካልጠራችኝ ማዋለጃ ክፍል አልገባም። ከጠራችኝ እገባለሁ፣ ግን የምታዘኝን ብቻ አደርጋለሁ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለመድኃኒት ባለሙያው፣ የማዋለጃውን ቁም ሣጥን ቁልፍ ለእሷ ሰጠሁ። ነፍሰ ጡር ወይም የነፍሰ ጡር ባል ባገኘሁ ቁጥር ደግሞ «ምጥ ሲመጣ የምታገኙት ሲስተርን ነው» እላለሁ። አንዳንዱ ጥፋት አጥፍቼ የተቀጣሁ መስሎት ከንፈሩን መጠጠልኝ።

ፈተናው የመጣው በገበያ ቀን ጠዋት ነው። አራት ሰዎች አንዲት የምታምጥ ሴት በቃሬዛ ይዘው ከች አሉ። ሲስተር ተቀብላ አስገባቻት። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። አማቷ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ምነው ሐኪሙ፣ አይገቡም?»

«ሲስተር ገብታለች።»

«እሷማ ልጅ ናት!»

«ልጅ ናት፤ አዋላጇ ግን እሷ ናት» አልኳት። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለት መሳል ጀመረች።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። ከዚያ ሲስተር ከውስጥ ጠራችኝ። «ይግቡ! እንዳይነኩ ግን።» ገባሁ። የሕፃኑ ራስ ወጥቷል፣ ትከሻው ግን ተይዟል። ሐኪም የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካልወጣ ሕፃኑ ይታፈናል። ሲስተር የሴትየዋን ጉልበቶች ወደ ሆዷ አስጠግታ፣ ነርሷ ከላይ እየተጫነችላት ሞከረች። እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። አልተላቀቀም። ከዚህ ቀጥሎ እኔ የማውቀው መጎተት ነው። ቀኝ እጄ ሳላዘው ከኪሴ ወጣ።

«ኪስዎ!» አለች ሲስተር፣ ዞራ እንኳ ሳታየኝ።

መለስኩት። «እንገልብጣት» አለች ቀጥላ። «በእጆቿና በጉልበቶቿ ትንበርከክ። እርስዎ ወገቧን ይያዙ።» እንዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ለምን ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁትና ወገቧን ያዝኩ። ሴትየዋ እየጮኸች ተገለበጠች። ሲስተር ከሥር ዝቅ ብላ «አሁን ግፊ፣ እህቴ» አለቻት። የላይኛው ትከሻ ሸርተት አለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ ሲስተር እጅ ላይ ወደቀ። ሴት ናት። ሰማያዊ ሆና ነበር። ሲስተር በፎጣ አሻሸቻት፣ አፏን ጠረገችላት፣ ጀርባዋን ደባበሰቻት። ፎጣውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሕፃኗ አለቀሰች።

ከእልልታው መሐል ሹልክ ብዬ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ብሆን እጎትት ነበር። የሕፃኗ ክንድ ይጎዳ ነበር፤ ምናልባትም በሕይወት አትወጣም ነበር። ይህን ለማንም አልደበቅሁም፤ ሰኞ ጠዋት ለሠራተኛው ሁሉ ተናገርኩ፣ ሲስተርም አገላበጡን እንድታሳየን አደረግሁ። አማትየዋ ደግሞ ወሬውን ይዛ በቀጥታ ገበያ ወረደች። እኔ በሁለት ወር ያላሳመንኩትን አገር እሷ በአንድ ከሰዓት አሳመነችው።

እትዬ ሲመጡ ታሪኩን እጅና እግሬን እያወናጨፍኩ ተረክሁላቸው።

«አንተ ምን ሠራህ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ምንም» ብለው ጻፉ። ፈገግታቸውን ለመደበቅ ብዙም አልሞከሩም።

ሦስት ወሩ አለፈ፤ ሲስተር ማመልከቻውን አልላከችም። እኔም አልጠየቅኳትም። ቢሮዬን የሚያንኳኳው ሰው ቀነሰ፤ የመድኃኒት ባለሙያው መጋዘኑን እኔ ከማውቀው በላይ አሳምሮ ያዘው። ምሳ መብላትም ጀመርኩ። የእትዬ መመላለስ በዓመቱ አበቃ። የመጨረሻው ቀን ስለ ራስህ ምን ትላለህ ቢሉኝ፣ «ጥሩ ኃላፊ ሆኛለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው። አሁንም ያንኑ እላለሁ። በትሕትና ስም አልዋሸሁም።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው ከዞን ደብዳቤ የመጣው። አይከል አካባቢ አዲስ ጤና ጣቢያ ሊከፈት ስለሆነ፣ ኃላፊ ለመሆን ብቁ የሆነ ባለሙያ ካላችሁ ስሙን ላኩ ይላል። አንብቤ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ቀን እዚያው ዋለ። ማንም አያውቅም፤ «የለንም» ብዬ ብመልስ የሚጠይቀኝ የለም። ያን ያህል ደክሜ ያስቀረኋትን ልጅ በገዛ እጄ ልሰጥ ነው ወይ እያልኩ ተብሰለሰልኩ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ደብዳቤውን ሰጠኋት።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ሊሰዱኝ ብለው ነው?» አለች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «አጥፍቻለሁ?»

«አላጠፋሽም። እንድትሄጂም አልፈልግም፤ ብትሄጂ እጎዳለሁ፣ ደስም አይለኝም። ግን ከዚህ ጤና ጣቢያ ይህን ሥራ የሚችል አንድ ሰው ጻፍ ብባል የምጽፈው ስምሽን ነው።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እችለዋለሁ?» አለችኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ለሰው ጥያቄ መልስ መስጠት ደግሞ የምወደው ነገር ነው። ዋጥኩት። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኳት። ብዙ ቆየች። እኔም ሚስማር ሳልቆጥር ጠበቅኳት።

«እችለዋለሁ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ እስከ አስፋልቱ ወርዶ ሸኛት። ሻንጣዋን የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የጫኑት ዘበኛው ናቸው። እኔ ቆሜ እጄን አወዛወዝኩና ማንም ሳያየኝ ለማልቀስ ቶሎ ወደ ግቢ ተመለስኩ።

በሳምንቱ አንዲት ሴት በቃሬዛ መጣች። ብዙ ወር ያላጠለቅሁትን ጓንት አውጥቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ከፊት የቀደመችው የምታምጠዋ ሴት እናት ትከሻዬን አልፋ ወደ ውስጥ አየች።

«ሲስተር የለችም?»

«የለችም። ዕድገት አግኝታ ሄዳለች። እኔ አለሁ።»

ቃሬዛ የያዙት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ ገረመመችኝ።

«እርስዎ ይችሉበታል?» አለችኝ።

በዚያ አገር ስንት ልጅ እንዳዋለድኩ ልነግራት አልፈለግሁም። እንዲህ መጠየቄ ራሱ ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

«እሞክራለሁ» አልኳት።